ያልተነካው ጉልበት

ማይ ኤኔሌሲ ስድስት ወር የኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ተማረች፤ ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምእመን ሁሉ ማጅራት ነው። የሽማግሌ ዲክሶኒ ማጅራት ጸሎት ሲረዝም ቀስ እያለ ወደ ግራ ያዘነብልና ቃጭል ሲጮኽ ደንግጦ ይቃናል። የቄሱ ሚስት ማጅራት ላይ የሻሿ ቋጠሮ ጠብቆ ተቀምጦ ሰው ይቆጣጠራል። የማይ ዘሊፋ ማጅራት ግን በስድስቱ ወር ውስጥ አንድም ቀን ዘወር አላለም። ኤኔሌሲ ደግሞ ስብከቱን ትታ የምትጠብቀው እሱኑ ነበር።

የኋለኛው አግዳሚ የታገዱ ሰዎች መቀመጫ ነው። በዚያ ዓመት ሦስት ነበሩ፤ ሁለተኛ ሚስት ያገባው ጀልባ ሠሪ፣ ሳትዳር ያረገዘችው ልጅ፣ እና ጠላ የጠመቀችው ኤኔሌሲ። እዚያ የተቀመጠች ሴት የሴቶች ኅብረቱን ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሻሽ አትለብስም። የጌታ እራት ሲዞር ሳህኑ እፊታቸው ካለው አግዳሚ ላይ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሰው ይችለዋል። የማይቻለው ሌላ ነው፤ በእገዳ ላይ ሳለ የሞተን ሰው ቄስ አይቀብረውም፣ ደወልም አይደወልለትም። ዘመዶቹ አንስተው ወስደው አፈር ያለብሱታል። ኤኔሌሲ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዝናቡ ወራት ጀምሮ ደግሞ አልለቅ ያላት ሳል አለ።

ጠላውን የጠመቀችው ለወንድሟ ሙት ዓመት ነው። ዘመድ ከየመንደሩ ሲሰበሰብ ሟች እህት እያለው በውኃ ሊሸኝ አይችልም፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጠላ ትከለክላለች። ኤኔሌሲ ሁለቱንም አስባ ሦስት ጋን ጠመቀች፤ ከዚያም ንስሐ ገባች። ጉዱ የመጣው ከንስሐው ነው።

የሐሙሱ የሴቶች ጸሎት ተራ የለውም። አርባ ሴት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮክ ብላ የሆዷን ለእግዚአብሔር ትናገራለች። ቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። ከአርባው ድምፅ አንዱን ለይቶ የሚሰማ ከእግዚአብሔር በቀር የለም ተብሎ ስለሚታመን ማንም ምንም አትደብቅም። ሲበቃ መሪዋ ቃጭል ታቃጭላለች፣ አርባውም በአንድ ትንፋሽ ዝም ይላሉ።

የኤኔሌሲ ግራ ጆሮ ከደነቆረ ቆይቷል፤ ቀኙም ቢሆን ቅርብ ያለውን እንጂ የሩቁን አይሰማም። ቃጭሉን ሰምታው አታውቅም። ይህን የምታውቀው ዘሊፋ ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት በደነቆረው ጆሮዋ በኩል፣ በግራዋ እየተቀመጠች፣ ቃጭሉ ሲጮኽ በሁለት ጣቷ ጉልበቷን ነካ ታደርጋታለች፤ ኤኔሌሲም "አሜን" ብላ ዓይኗን ትገልጣለች። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። ነገሩ ሲጀመርም ማን እንደጀመረው አያስታውሱም።

በዚያ ሐሙስ ጣቶቹ አልመጡም።

"ሦስቱንም ጋን ይቅር በለኝ ጌታዬ፤" አለች ኤኔሌሲ፣ ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ። "መጥመቄን ብቻ አይደለም፣ መቅመሴንም። መቅመሴን ብቻ አይደለም፣ መጣፈጡንም።" ዓይኗን ስትገልጥ ሠላሳ ዘጠኝ ሴት ታያታለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ስድስት ወር ሰጧት።

ስድስቱ ወር ሲሞላ፣ የጌታ እራት አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት ቄሱና ሽማግሌ ዲክሶኒ አስጠሯት። ቄስ ቺምዋላ የመጨረሻ ልጇን የሚያህሉ ወጣት ናቸው፤ እንደ አገሩ ወግ 'ማይ'፣ እናት፣ ብለው ይጠሯታል፤ ሲናገሩ ቀስ ይላሉ። ዲክሶኒ እኩያዋ ነው፤ ቀስ የሚልበት ጊዜ የለውም።

"ማይ ኤኔሌሲ፣ ጊዜዎን በትሕትና ጨርሰዋል፤" አሉ ቄሱ። "እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ብለው ያምናሉ?"

"ያኔውኑ ነው ያለኝ። ጠላው ሳያልቅ።"

ዲክሶኒ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረው፤" አሉ ቄሱ። "በልብዎ ቂም የያዙበት ሰው አለ?"

ይህ ጥያቄ ሁሉም የሚጠየቀው ነው፤ ሁሉም "የለም" ይላል። ዲክሶኒ መልሱን ሳይጠብቅ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፍቶ ነበር። ኤኔሌሲ ግን ወለሉን አየች።

"ትንሽ ቂምስ ይቆጠራል?" አለች።

"ምን ያህል ትንሽ?" ጠየቁ ቄሱ።

ኤኔሌሲ አሰበችና እጇን አነሳች። "ሁለት ጣት የምታህል።"

"አንቺ ሴትዮ፣" አለ ዲክሶኒ፣ "'የለም' በይና ወደ ቤታችን እንሂድ። ዓሣዬ ፀሐይ ላይ ነው።"

"ብዋሽ ሌላ ስድስት ወር ልትሰጠኝ?"

"ውሸት መሆኑን ካልነገርሽኝ በምን አውቃለሁ?"

ቄሱ ዲክሶኒን አዩት። ዲክሶኒ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጧት፤ "ሄደው ይታረቁ" አሏት።

ኤኔሌሲ የተቸገረችው ቂሙን ማስረዳት ስለማይቻል ነው። ምን ብላ ትክሰስ? "ጉልበቴን አልነካችኝም" ይባላል? የጎረቤትህን ጉልበት ንካ የሚል ትእዛዝ በአሥሩም ውስጥ የለም። ሰው ቢሰማት፣ ጠላ የጠመቀችው እሷ፣ የለፈለፈችው እሷ፣ ከዚያ ጎረቤቷ ላይ የምታላክከው እሷ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏታል። ስለዚህ ስድስት ወር ለማንም አልተናገረችም፤ ቂሙ በዚህ ምክንያት ሳይነካ፣ ሳይሻግት፣ እንዳለ ቆየ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ቀለል ብሏት ተነሳች። ይቅር ልትል ወስናለች። ይቅር ሊል የወሰነ ሰው ቁመቱ ትንሽ ይጨምራል። አዲሱን ቺቴንጄ ጨርቋን ወገቧ ላይ አገለደመች፣ ይቅርታ ባዶ እጁን አይሄድም ብላ አንድ ሳህን ኦቾሎኒ ያዘች፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች።

ዘሊፋ ከሸምበቆ ቆጧ ጎን ቆማ ኡሲፓ ትገለብጣለች። ኡሲፓ ጣት የማታህል ዓሣ ናት፤ ቆጥ ሙሉ ሲሰጣ አንድ በአንድ ትገለበጣለች፤ ለተቀየመ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ጥሩ ነው፤ ቀና ብሎ ማየት አይጠይቅም።

"እንደምን አደርሽ፣ ማይ ዘሊፋ።"

"ደህና አድሬያለሁ። አንቺስ አደርሽ?"

"አድሬያለሁ።"

ይህን ስድስት ወርም ሲባባሉ ነበር። የተኳረፉ ሰዎች ሰላምታ አያጓድሉም።

"ይቅር ልልሽ ነው የመጣሁት፤" አለች ኤኔሌሲ።

ዘሊፋ አንድ ዓሣ ገለበጠች። "እሺ።"

"ምኑን ነው አትዪም?"

"አንቺ ነሽ የመጣሽው። አንቺ ንገሪኝ።"

"ጉልበቴን ነዋ።"

"ጉልበትሽ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ነገሩ እሱ ነው።"

ዘሊፋ እጇን ከዓሣው አነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። "አዎ፤ አልነካሁሽም። ጣቴን ዘርግቼ ነበር፤ መለስኩት። ሳላውቅ አይደለም፤ አውቄ ነው።"

ኤኔሌሲ ለክህደት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ለክህደት የሚሆን ሦስት ጥሩ መልስ በመንገድ ላይ አሰናድታለች። ለእምነት ቃል ግን ምንም አልያዘችም። "ይቅር ብዬሻለሁ፤" አለች፣ ሳይቀዘቅዝባት።

"አትቸኩዪ። ቃጭሉ ሳይጮኽ በፊት ምን ስትዪ ነበር?"

"መቼ?"

"ከጠላው በፊት። ሁሉም ሲጮኽ።"

ኤኔሌሲ የኦቾሎኒውን ሳህን በሁለት እጇ ያዘችው። "እሱ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው።"

"በእናንተ መካከል የተቀመጥኩትማ እኔ ነኝ። አንቺ አይሰማሽም፣ ስለዚህ የምታንሾካሹኪ ይመስልሻል። ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ ውስጥ ነው ንስሐ የገባሽው። ስለ አማትሽ ሰምቻለሁ። ስለ ቄሱ ሚስት ሻሽ ሰምቻለሁ። ዱባውንም ሰምቻለሁ።"

"ዱባውንም?"

"የእኔ ዱባ ነበር።"

ኤኔሌሲ ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ለማን ተናገርኩ?" አለች ዘሊፋ። "አንዲት ቃል ከአፌ ወጥታ ታውቃለች? እግዚአብሔርና እኔ ነን የምናውቀው፣ ሁለታችንም ዝም ብለናል። የዚያን ቀን ግን የራሴን ስም ሰማሁ። የልጄንም።"

ነገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የዘሊፋን ልጅ ቲያሚኬን ለማጨት ከማዶው መንደር የወንዱ ልጅ አጎቶች መጡ። ሽማግሌ ብልህ ከሆነ ልጅቷ ቤት ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ይጠይቃል። ትልቁ አጎት ኤኔሌሲ ደጅ ቆሞ "ቤተሰቡ እንዴት ነው?" አላት። የኤኔሌሲን ልጅ እስከዚያ ዓመት ማንም መጥቶ አልጠየቃትም። ኤኔሌሲ ክፉ ቃል አልተናገረችም። በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ "ሁላችንም የእግዚአብሔር ልጆች ነን" አለች። ያ ብቻ ነው። አጎቶቹ ዘሊፋ ቤት ገብተው በሉ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ፣ አልተመለሱም። ኤኔሌሲ ይህን ትንፋሽ፣ ከዚያ ሐሙስ በቀር ስም ሳትጠራ፣ በየሐሙሱ ለእግዚአብሔር ታነሳዋለች፤ በየሐሙሱም ይቅር የተባለች ያህል ቀሏት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ዘሊፋ ቤት የምትደርሰው ከራሷ ቤት በፊት ነው። ገብታ አታውቅም።

"ቲያሚኬ እኮ ደህና ናት፤" አለች ኤኔሌሲ በመጨረሻ።

"ደህና ናት። ሳሊማ ከተማ ታስተምራለች፣ ሁለት ልጅ አላት፣ ባሏም ከዚያኛው ይሻላል። ያኛው ሰክሮ ከጀልባ ወድቋል አሉ።"

"እኔም ሰምቻለሁ፤" አለች ኤኔሌሲ ተስፋ አድርጋ።

"አትደሰቺ። ስለ ልጄ አይደለም የምነግርሽ። ስለ ጨጓራዋ ነው።"

"የምን ጨጓራ?"

"የዶሮዋ። ያን ቀን ለአጎቶቹ ዶሮ አረድኩ። ወጡን ሳወጣ ጨጓራዋ የለችም። ባለቤቴ ፍላክሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንጨት ሊያስገባ ገብቶ በልቷታል። ትልቁ አጎት በማንኪያው ወጡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ፈለጋት፤ አየሁት። የእንግዳ ክብር የሆነችውን ቁራጭ አጥቶ ሄደ። ሲቀሩብኝ 'ጨጓራዋ ናት' አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ሌላ ምን አውቃለሁ?"

ዘሊፋ ቀድሞ የተገለበጠ ዓሣ መልሳ ገለበጠች።

"አምስት ዓመት፣ ኤኔሌሲ። ያንን ሰውዬ አምስት ዓመት በጨጓራ ቁም ስቅሉን አሳየሁት። ሰው ቤት ተጠርተን ዶሮ በቀረበ ቁጥር 'እዩልኝ፣ ጨጓራዋን ከዚህ ሰው አርቁ' እላለሁ፤ ሰው ይስቃል፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። ታሞ ተኝቶ፣ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ምን አለኝ መሰለሽ? 'የጨጓራዋን ነገር ይቅር በይኝ' አለኝ።"

"ይቅር አልሽው?"

"'እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ' አልኩት።"

ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጥቶ ሸምበቆውን አንቋቋው። ኤኔሌሲ ይህን አባባል ታውቀዋለች፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው ይቅር ማለት ሲያቅተው ሥራውን ለእግዚአብሔር የሚያስተላልፍበት ነው። ይቅር ልትል ስትወርድ የጨመረችው ቁመት ሁሉ ሲወርድ ተሰማት።

"ዘሊፋ፣" አለች፣ "ይቅር በይኝ።"

"እግዚአብሔር…" ብላ ጀመረች ዘሊፋ፤ ከዚያ አፏን ዘጋች። ወደ ቆጡ ዞረች። "አይ። እሱን አንድ ጊዜ ብዬ አይቼዋለሁ። ዛሬ የለኝም፣ ኤኔሌሲ። ገና እርጥብ ነው። ሂጂ።"

ኤኔሌሲ ዞረች።

"ኦቾሎኒውን ተዪው፤" አለች ዘሊፋ ከኋላዋ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቄሱና ዲክሶኒ በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ከኅብረቱ ሣጥን የወጣው የኤኔሌሲ ነጭ ሸሚዝ ታጥቦና ተተኩሶ ጠረጴዛው ላይ ታጥፏል።

"እንግዲህ፣ ማይ፣" አሉ ቄሱ፣ "ቂም የያዙበት ሰው አለ?"

"የለም።"

ዲክሶኒ ክዳኑን ከፈተ።

"ቂም የያዘብኝ ግን አለ፤" አለች ኤኔሌሲ። "በትክክል ነው የያዘችብኝ።"

"ማን ናት?" አለ ዲክሶኒ።

"እሱን አልነግርህም። የተበደለችው እሷ ናት። የእሷን ስም እዚህ መዝገብ ላይ ምን ያስገባዋል? ሸሚዙን ሣጥን ውስጥ መልሱት። እሷ ስትጨርስ እመጣለሁ።"

ቄሱ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። "ማይ ኤኔሌሲ፣ እግዚአብሔር ይቅር ካለዎት…"

"ብሎኛል፤ እሱን አልጠረጠርኩም። አሥራ አንድ ዓመት ወደ እሱ ስመላለስ የኖርኩት እኮ እሱ ስለሚቀርበኝ ነው። የእሷ ቤት ነው የራቀኝ።"

"ቤቷ የት ነው?" አለ ዲክሶኒ።

"ከቤቴ ቀጥሎ።"

ቄሱ የታጠፈውን ሸሚዝ አዩ። "የሚቀጥለው የጌታ እራት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤" አሉ። "ሳልዎ ደግሞ…"

"ሳሌን አውቀዋለሁ።"

"ግማሽ እገዳ የሚባል ነገር የለም እንዴ?" ብሎ ዲክሶኒ ቄሱን ጠየቀ። ከልቡ ነበር። ሸሚዙን ወደ ሣጥኑ ሲመልሰው እጥፋቱ እንዳይበላሽ በሁለት እጁ ያዘው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። የኅብረቱ ሴቶች ከፊት በኩል በነጭ በነጭ ተደርድረዋል። ኤኔሌሲ ከኋላ፣ በጀልባ ሠሪውና በልጅቷ አጠገብ፣ በዘወትር ልብሷ ተቀመጠች። ልጅቷ ወልዳለች፤ ሕፃኑ የኤኔሌሲን ጣት ይዞ ተኝቷል። ቂም እንዳልቀረባት ኤኔሌሲ ራሷን መረመረች፤ ሁለት ጣት የምታህለዋን ቦታ ፈለገች፣ አጣቻት። በቦታዋ የተቀመጠው የፍላክሰን ነገር ነው። ሰውየው ዱላ ሲጠርብ፣ መረብ ሲጠግን፣ ሲያልፍ ሲያገድም ሰላም ሲላት አስታወሰች። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ስለ ጨጓራዋ ሲሳቅበት እሷም ስቃለች።

ከኅብስቱ በፊት ቄሱ የንስሐ ጸሎት አወጁ፤ ሁሉም በአንድነት፣ እስከ ቃጭሉ ድረስ። ሰው ሁሉ ለጸሎቱ ሲመቻች፣ በመጀመሪያው ረድፍ አንድ ማጅራት ዘወር አለ።

ዘሊፋ ነጭ በነጭ እንደለበሰች ከቦታዋ ወጣች። በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ ኋላ መጣች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወደዚያ አግዳሚ ሲሄድ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ሰው የረሳችውን ነገር ልታመጣ መሰለው። የቄሱ ሚስት ቋጠሮ ሙሉ በሙሉ ዞረ።

"ፈቀቅ በይ፤" አለች ዘሊፋ።

"ደረቀልሽ?"

"ግማሹ። ዝም ብለሽ ጸልዪ።"

በግራ ሳይሆን በቀኝ በኩል ተቀመጠች፤ ግራው በሕፃኑ ተይዟል። ጸሎቱ ተጀመረ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ኤኔሌሲ ዓይኗን ጨፈነች፣ አፏንም ከፈተች። ነገር ግን በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሚሰማው ጆሮዋ ውስጥ፣ የዘሊፋ ድምፅ ገባ።

"ጌታዬ፣ ፍላክሰን አንተ ዘንድ ነው፤ ንገርልኝ። የጨጓራዋን ነገር ትቼዋለሁ በልልኝ። እንዲያውም አልበደለኝም በለው። ጨጓራ እኮ ናት። እርቦት ነው። ያን ቃል ወደ አንተ ገፍቼ ሰውየውን ባዶ እጁን ሰድጄዋለሁ፤ እሱን ይቅር በለኝ። እሱም ይቅር ይበለኝ። ይህችንም ከጎኔ ያለችውን…"

ኤኔሌሲ የራሷን ጸሎት ረሳች። ዓይኗን ገለጠች። ዘሊፋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣብቃ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀች ነው። ያን ጊዜ ኤኔሌሲ ወደ ፊት አየች። የሽማግሌ ዲክሶኒ ማጅራት፣ ወደ ግራ አዘንብሎ የነበረው፣ ደንግጦ ቀጥ አለ።

ስድስት ወር ከኋላ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል። ቃጭሉ ጮኋል።

ዘሊፋ አልሰማችም። ትንፋሽ ስባ ልትቀጥል ነው፤ ከንፈሯ ተከፍቷል፤ የሚቀጥለው ቃል ጸጥ ያለው ቤት ሁሉ ውስጥ ሊወድቅ ነው። ኤኔሌሲ እጇን ከሕፃኑ አላቀቀች። ሁለት ጣቷን ዘርግታ የዘሊፋን ጉልበት ነካ አደረገች።

"አሜን፤" አለች ዘሊፋ።

ማንም ዞሮ አላየም።

ኅብስቱ መጣ። ዲክሶኒ ሳህኑን ይዞ እፊታቸው ያለው አግዳሚ ጋ ደረሰ፣ ነጩን ሸሚዝ አየ፣ ቆመ፣ ግራ ገባው። ዘሊፋ እጇን አልዘረጋችም። እንዲያልፍ በአገጯ ምልክት ሰጠችው። ሳህኑ ወደ ፊት ተመለሰ። በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፣ ወደ ኤኔሌሲ ጠጋ አለች።

"ሦስት ወር ነው፤" አለች። "ሳልሽን በእንፋሎት ታጠኚለት። ነገ ቅጠሉን አመጣልሻለሁ።"

"ግማሹ ብቻ ነው የደረቀው ብለሽኝ ነበር።"

"ጨረስኩ። ይቅር ብዬሻለሁ።"

ኤኔሌሲ አንገቷን አዘነበለች። "በየትኛው ጆሮዬ ነው የነገርሽኝ?"

"በሚሰማው፤" አለች ዘሊፋ።